የደን ጥርጊያ መንገድ ጥገና በሐዋሳ ዙሪያ፦ ለበጎ ፈቃደኛ ቡድኖች የሥራ መመሪያ

የደን ውስጥ ጥርጊያ መንገድን የሚያበላሸው ጎማ ነው ሲባል ይሰማል። ጎማ መስመሩን ያወጣል፤ መስመሩን ይዞ ወርዶ ወደ ቦረቦር የሚለውጠው ግን ውሃ ነው። ከወንዶ ገነት ተራሮችም ሆነ ከአላሙራ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ከተፋሰሱ አይወጣም። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው፣ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። የጨለለቃ ሐይቅም በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የጥርጊያ መንገድ ጥገና ለፎር ዊል መኪናና ለሞተር ሳይክል ብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሥራው ሁሉ የሚመለሰው ወደ አንድ ነገር ነው፦ ውሃው ጉልበት ሳያገኝ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከመንገዱ ቶሎ ቶሎ ማስወጣት። ጉድጓድ መሙላት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ቡድኖች የሚጀምሩት ከመሙላቱ ነው፤ ድካማቸውም በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል።

ፈቃድና የሥራ ወሰን

የመንግሥት ደን ውስጥ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ደኑን ከሚያስተዳድረው አካል የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ደብዳቤው ላይ አራት ነገር በግልጽ ይስፈር፦ ከየት እስከ የት እንደምትሠሩ፣ ድንጋይና አፈር ከየት እንደምታነሱ፣ ምን ዓይነት ቅርንጫፍ እንደምትቆርጡ፣ ውሃውን ወደየት እንደምትለቁ። ዝግባ፣ ጽድ፣ ኮሶና ዋንዛ ጥበቃ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች ስለሆኑ መንገድ ላይ ያዘነበሉ ቢሆኑ እንኳ ያለ ደን ባለሙያው ቃል አይነኩም።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ጠብ የሚያመጣው ነው። በወንዶ ገነት በኩል ከደኑ ሥር የእንሰት፣ የጫትና የሸንኮራ አገዳ ማሳ አለ። ከመንገድ ያወጣችሁት ውሃ ማሳ ላይ ከወረደ መንገዱ ዳነ አይባልም፣ ጉዳቱ ወደ ገበሬው ዞረ እንጂ። እያንዳንዱን መውጫ ከመቆፈራችሁ በፊት እስከ ታች ድረስ በእግር ወርዳችሁ እዩት። ከታች ማሳ ካለ ባለቤቱን ይዛችሁ ውጡና ቦታውን አብራችሁ ምረጡ፤ ጎርፍ በየት እንደሚመጣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

መቼ ምን ይሠራል

የሐዋሳ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይበዛል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ሥራው ሁሉ በጥርና በየካቲት እንዲሠራ ነው፤ ይህ ግን ለአፈር ሥራ ጥሩ ጊዜ አይደለም። በጥር አፈሩ እንደ ዱቄት ይበናል፣ ቢጠቀጥቁትም አይያያዝም። የአፈር ሥራ፣ ማለትም ጉብታ መሥራት፣ መንገዱን ማዘንበል፣ የጎማ መስመር መሙላት፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ መሬቱ ገና እርጥበት ሳይለቅ ይሠራ። የድንጋይ ሥራና የቅርንጫፍ መቁረጥ እርጥበት ስለማይፈልጉ ለጥርና ለየካቲት ይቆዩ። ሣርና ችግኝ የሚተከለው በሰኔና በሐምሌ ነው።

በጥር የግድ የአፈር ሥራ መሥራት ካለባችሁ ውሃ አጓጉዙ። በቂ እርጥበት መኖሩን የምታውቁት በእጃችሁ ነው፦ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጣችሁ ልቀቁት። ቅርጹን ይዞ ከቀረና በአውራ ጣት ሲጫን ለሁለት ከተሰነጠቀ ለመጠቅጠቅ ደርሷል። ከፈረሰ ደርቋል፤ እጅ ላይ ከተለጠፈ ወይም ውሃ ካወጣ በጣም ረጥቧል፣ ይቆይ።

በዝናብ ሰዓት መቃኘት

ጥሩ ቅኝት የሚደረገው ዝናብ እየዘነበ በእግር ነው። በደረቅ ወቅት ጉዳቱን ታያላችሁ፤ በዝናብ ሰዓት ምክንያቱን ታያላችሁ። ሁለት ሰው ችካልና ቀይ ጨርቅ ይዞ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ ውሃ ወደ መንገዱ የሚገባበትን፣ በመንገዱ ላይ መሮጥ የሚጀምርበትንና በራሱ ጊዜ የሚወጣበትን ቦታ ምልክት ያድርግ። በራሱ የወጣበት ቦታ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ መውጫ የሚሆነው እሱው ነው፣ በድንጋይ ማጠንከር ብቻ ይበቃዋል።

100 ሜትር ወደ ታች ወርዶ የታየ ቦረቦር ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው። ሥራ ሁልጊዜ ከላይ ይጀመር። የላይኛው ውሃ ሳይቀለበስ ታች የተሠራ ማንኛውም ነገር ከአቅሙ በላይ ውሃ ይደርስበታል።

መሣሪያ

ለ12 ሰው ቡድን 4 ዶማ፣ 2 ዲጂኖ፣ 5 አካፋ፣ 2 የእጅ ጋሪ፣ 1 ባሬላ፣ 2 መጠቅጠቂያ፣ 1 የእጅ መጋዝ፣ 2 ገጀራ፣ የ5 ሜትር ሜትሮ፣ ሲባጎ፣ 20 ያህል ችካል ይበቃል። መጠቅጠቂያውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፦ ባዶ ጣሳ ውስጥ ኮንክሪት ሞልቶ መሃሉ ላይ የእንጨት እጀታ መትከል ነው፤ ክብደቱ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይሁን። ከዚያ በላይ ከከበደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያነሳው አይገኝም።

ጓንትና ጠንካራ ጫማ ግዴታ ነው። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር የሚጠጣ ውሃ፣ ለቡድኑ አንድ የመጀመሪያ ሕክምና ሣጥን ይያዝ። መንገዱ ክፍት ሆኖ ከሆነ የምትሠሩት፣ ከላይና ከታች በ50 ሜትር ርቀት ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰው ይቁም፤ ጎንበስ ብሎ የሚቆፍር ሰው የሞተር ሳይክል ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚሰማው።

ተዳፋቱን መለካት

የመቀልበሻዎቹ፣ ማለትም ውሃውን ከመንገዱ የሚያስወጡት ጉብታዎች፣ ርቀት የሚወሰነው በተዳፋቱ ነው፤ በዓይን መገመት ደግሞ ያሳስታል። የልማት ሠራተኞች እርከን ለመቀየስ የሚጠቀሙበት የገመድ ውሃ ልክ ይበቃችኋል። ሁለት የ2 ሜትር እንጨት ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አውጡ። በመካከላቸው 10 ሜትር ሲባጎ ወጥሩ፣ ውሃ ልኩንም ልክ በ5ኛው ሜትር ላይ ስቀሉ። የላይኛው እንጨት ላይ ሲባጎው 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይታሰር። የታችኛው ሰው አረፋው መሃል እስኪቆም ሲባጎውን ከፍ ዝቅ ያድርግ። 130 ሳንቲ ሜትር ላይ ከቆመ ልዩነቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ10 ሜትር 80 ሳንቲ ሜትር ማለት 8 በመቶ ተዳፋት ነው። የተለመደው ስሕተት ውሃ ልኩን ከመሃል አርቆ መስቀል ነው፤ ሲባጎው ስለሚረግብ ንባቡ ይዛባል።

በቀላሉ ለሚታጠብ አፈር፣ የሐዋሳ አካባቢ አመድማና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የበዛበት አፈርም ከዚህ ይመደባል፣ በሁለት መቀልበሻ መካከል ያለው ርቀት እንደዚህ ይሁን፦ እስከ 5 በመቶ ተዳፋት 40 ሜትር፣ ከ6 እስከ 10 በመቶ 30 ሜትር፣ ከ11 እስከ 15 በመቶ 20 ሜትር፣ ከ16 እስከ 20 በመቶ 15 ሜትር፣ ከ21 እስከ 30 በመቶ 12 ሜትር፣ ከዚያ በላይ 10 ሜትር። ቁጥሩ መነሻ ነው። ጥሩ መውጫ 3 ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ካለ ወደ መውጫው ተጠጉ፤ ወደ ታች ግን ብዙ አትራቁ።

መቀልበሻ ጉብታ አሠራር

ለመኪና መንገድ የሚሆነው መቀልበሻ ሰፊና ዝቅ ያለ ጉብታ፣ ከላይ በኩል ጎድጓዳ ያለው ነው። ለእግር መንገድ የሚሠራው ቀጭንና ቀጥ ያለ ግንብ ወይም ግንድ እዚህ አይሆንም፤ ፒክአፕ ሆዱን ይመታበታል፣ ሾፌሩም በጎን ሌላ መንገድ ያወጣል።

መንገዱ 3 ሜትር ስፋት አለው እንበል። በላይኛው ጎን፣ ማለትም በተራራው በኩል፣ አንድ ችካል ትከሉ። ከዚያ ፊት ለፊት ከታችኛው ጎን ተነስታችሁ ወደ ቁልቁለቱ 1.7 ሜትር ሂዱና ሁለተኛውን ትከሉ። በሁለቱ መካከል የተወጠረው ሲባጎ ከመንገዱ አግድም ወደ 30 ዲግሪ ያዘነበለ መስመር ይሰጣችኋል። አግድም ቀጥ ብሎ ከተሠራ ውሃው ይቆምና ደለሉን እዚያው ይጥላል፣ ጎድጓዳው በአንድ ክረምት ይሞላል። ከ45 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ደግሞ ውሃው ፈጥኖ ጎድጓዳውን ይቦረቡራል፣ የመኪናውም ጎማዎች በየተራ እየወጡ መኪናውን ያወዛውዙታል።

ከሲባጎው በላይ በኩል ያለውን አፈር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ከሲባጎው በታች ክመሩት። ጎድጓዳው ወደ መውጫው ከ3 እስከ 5 በመቶ ይዘንብል፤ በ3 ሜትር ላይ ከ9 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ጉብታው ከተጠቀጠቀ በኋላ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ በመንገዱ ርዝመት በጠቅላላው ወደ 4 ሜትር መሠረት ይኑረው። ለዚህ የሚያስፈልገው አፈር ሲጠቀጠቅ 2.5 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ የላላ አፈር ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 3 ሜትር ኩብ አዘጋጁ። 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ 50 ምልልስ መሆኑ ነው። የተወሰነው ከጎድጓዳው ይወጣል፣ ሌላው ጠርዝ ላይ ከተጠራቀመው የአፈር ቁልል ይመጣል፤ ይህ ቁልል እንዲያውም መነሳት ያለበት ነው፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አፈሩን በአንዴ አትክመሩት። በየ10 እና 15 ሳንቲ ሜትሩ ድርብ ድርብ አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን ድርብ መጠቅጠቂያው ምልክት መተው እስኪያቆም ጠቅጥቁ። ላይ ላዩን ብቻ የተጠቀጠቀ ጉብታ ሲታይ ያምራል፤ የመጀመሪያው የጭነት መኪና ሲያልፍበት ግን ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ውሃውም በስንጥቁ ይገባል። የጉብታው ሁለት ጫፎች ናቸው ወሳኞቹ። የላይኛው ጫፍ ከተራራው ግድግዳ ጋር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ገብቶ ይያያዝ፤ ክፍተት ከቀረ ውሃው በጓሮ ዞሮ ጉብታውን ያልፈዋል። የታችኛው ጫፍ ደግሞ ክፍት ይሁን፤ መውጫውን በአፈር መዝጋት ብዙ ቡድን የሚሠራው ስሕተት ነው።

መውጫው ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፣ አፉ ላይ የጭንቅላት መጠን ያላቸው ድንጋዮች ተቀራርበው፣ ግማሽ አካላቸው መሬት ውስጥ ገብቶ ይደርደሩ። ላዩን የተበተነ ድንጋይ ውሃውን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ከድንጋዩ በታች ሣር ወይም ቁጥቋጦ ያለበት መሬት ቢኖር ይመረጣል፤ ደለሉ እዚያ ተጣርቶ ይቀራል። ባዶ መሬት ከሆነ በክረምት ደሾ ሣር ወይም ቬቲቨር በሁለት ረድፍ፣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉበት።

አምስት ሰው አንድ ጉብታ በግማሽ ቀን ይጨርሳል። በአንድ ቅዳሜ ሦስት በደንብ የተሠሩ ጉብታዎች ከስምንት የላሉ ጉብታዎች ይበልጣሉ፤ በዚህ ላይ ድርድር አይኑር። የላላ ጉብታ ሲፈርስ ውሃው ሁሉ ተጠራቅሞ ወደሚቀጥለው ይወርዳል፣ ያ ደግሞ ወደሚቀጥለው፤ አንዱ ሌላውን ይዞ ይወድቃል።

ጠርዝ ላይ የተጠራቀመው አፈር

መኪና በተመላለሰ ቁጥር በመንገዱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ዝቅ ያለ የአፈር ቁልል ይፈጠራል። 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ውሃውን መንገዱ ላይ አግቶ እንደ ቦይ ያስሮጠዋል። በደኑ ውስጥ ካሉት ሥራዎች ሁሉ በትንሽ ድካም ብዙ ጥቅም የሚሰጠው ይህን ቁልል ማንሳት ነው። በዶማ አላልቁት፣ ወደ መንገዱ ጎትቱት፣ የጎማ መስመር ሙሉበት ወይም ለጉብታ ተጠቀሙበት። ወደ ገደሉ አትጣሉት፤ ወዲያው ወደ ወንዝ ይሄዳል። ቁልሉ ከተነሳ በኋላ መንገዱ በራሱ ወደ ታችኛው ጎን ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዲያዘነብል አስተካክሉት። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ከታች ገደል ካለ ግን ማዘንበሉን ተዉትና በጉብታ ብቻ ሥሩ፤ እርጥብ አፈር ላይ መኪና ወደ ገደሉ ሊንሸራተት ይችላል።

የጎማ መስመርና ጭቃ

ጥልቀቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያለፈ የጎማ መስመር ውስጥ የላላ አፈር መድፋት ጭቃ መጨመር ነው። መጀመሪያ ውሃው ከመስመሩ እንዲወጣ ወደ ታችኛው ጎን ቦይ ቅደዱ። ጭቃውን እስከ ጠንካራው መሬት ዝቁና አውጡ። የመስመሩን ሁለት ግድግዳ በዶማ አፍርሳችሁ ጠርዙን አላልቁ፤ ለስላሳ ግድግዳ ላይ አዲስ ሙሌት አይጣበቅም። ሥሩ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ክፍተቱን በጠጠር ሙሉ፣ ከላይ ገረጋንቲ አልብሱ። እየጠቀጠቃችሁ ከመንገዱ ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ሲረግጡት ይወርዳል።

ስለ ማቴሪያል አንድ ነገር ልብ በሉ። በአካባቢው በቀላሉ የሚገኘው ነጭ ፑሚስ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በጎማ ሥር ይፈጫል፣ ውሃ ሲሞላም ተንሳፍፎ ይሄዳል። ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሻላል፣ ውሃ ያሳልፋል፤ ብቻውን ግን ይበተናል። ሦስት እጅ ሬድ አሽ ከአንድ እጅ ሸክላማ አፈር ጋር ቀላቅላችሁ፣ ትንሽ አርጥባችሁ ጠቅጥቁት። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ጭቃ ውስጥ መቅበር በየቦታው ይታያል፤ ለአንድ ሳምንት መኪና ያሳልፋል፣ ሲበሰብስ ግን ከበፊቱ የባሰ ጉድጓድ ይተዋል። ጠቃሚ የሚሆነው የተያዘ መኪና ለማውጣት ተነጥፎ፣ መኪናው ከወጣ በኋላ ተመልሶ ሲነሳ ብቻ ነው።

ቦረቦር የሆነ መስመር

ሰው ጉልበት ድረስ የገባ ቦረቦር በሙሌት አይድንም፤ ከላይ ውሃው ይቀልበስ፣ ውስጡ የድንጋይ ክትር ይሠራ። የክትሩ ከፍታ በውሃ መተላለፊያው ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መሠረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር፣ ሁለት ጎኖቹም ወደ ግድግዳው ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ይግቡ። መሃሉ ከጎኖቹ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ውሃው በመሃል እንጂ በጎን እንዳይሄድ። ክትር የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ግፊት ሳይሆን ውሃው በጎን ቆፍሮ ሲያልፈው ነው፣ ወይም ከፊቱ የሚወርደው ውሃ መሠረቱን ሲቆፍር። ለሁለተኛው መድኃኒቱ ከክትሩ ፊት 1 ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንጠፍ ነው።

ርቀታቸውን ለማግኘት ከፍታውን ለቦረቦሩ ተዳፋት አካፍሉ፦ ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ 0.6 ሜትር ለ0.10 ሲካፈል 6 ሜትር። የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው መተላለፊያ ጋር በአንድ ደረጃ መሆን አለበት። ትልልቁ ድንጋይ ከሥርና ከፊት፣ ትንንሹ ከውስጥ። ክብ የወንዝ ድንጋይ ይንከባለላል፤ ማዕዘን ያለው ይመረጥ።

አቋራጮችን መዝጋት

አቋራጭ የሚወጣው ዋናው መንገድ ሲበላሽ ነው። ጭቃው ሳይጠገን አቋራጩን በድንጋይ ብትዘጉት ሦስተኛ መንገድ ይወጣል። ዋናውን ካስተካከላችሁ በኋላ ከመገንጠያው የሚታየውን የመጀመሪያ 20 ሜትር ሰውሩ፦ የጠጠረውን መሬት በዲጂኖ 15 ሳንቲ ሜትር አላልቁ፣ ከጥገናው የተረፈውን ቅርንጫፍ መሬት እየነካ በአግድም ዘርጉበት፣ በሰኔ አገር በቀል ችግኝ ትከሉ። የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ውሃ አያቀዘቅዝም፣ በደረቅ ወቅትም የእሳት ማገዶ ነው። እግረኛና ከብት የሚያልፍበት ከሆነ የ1 ሜትር መተላለፊያ ተዉ፤ ካልተዋችሁ ይፈርሳል፣ ደግሞም መብታቸው ነው።

የሚቆረጥ ቅርንጫፍ

3.5 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ለፎር ዊል በቂ ነው። ከዚያ በላይ ጥላውን ማሳጣት ሣርና አረም ይጋብዛል። ወፍራም ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ ይቀደድ፣ ቀጥሎ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጥ፣ በመጨረሻ ጉቶው ከግንዱ አጠገብ ካለው እብጠት ውጭ ይስተካከል። ከሥር ሳይቀደድ ከተቆረጠ ሲወድቅ ቅርፊቱን ይዞ ይገሽልጠዋል። ታጥፎ የተወጠረ ወይም በሌላ ዛፍ ላይ የተደገፈ ግንድ በፍጹም አትንኩ፤ ሲለቀቅ ሰው ይገድላል፣ የሠለጠነ የመጋዝ ሠራተኛ ይጠራ።

ከሥራ በኋላ

አዲስ የተሠራ ጉብታ ላይ ቢቻል ለሁለት ሳምንት መኪና አይለፍ። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ከዝናብ ቀጥሎ ጎማ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰመጠ መመለስ እንዳለበት ለሾፌሮችና ለሞተረኞች መግቢያው ላይ በሰሌዳ ጻፉ። በቀስታ፣ በከባድ ማርሽ፣ ጎማ በቦታው ሳይሽከረከር መንዳት ከብዙ ዶማ ያድናል።

ለእያንዳንዱ መቀልበሻ ቁጥር ስጡትና ችካል ላይ ቀለም ቀቡ፤ በደብተር ላይ ከመግቢያው ያለው ርቀት፣ የተሠራበት ቀንና የመውጫው ሁኔታ ይመዝገብ። ከመጋቢት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁለት ሰው አካፋ ይዞ ከላይ እስከ ታች ይውረድ። ጎድጓዳው በደለል ግማሹ ከሞላ ይጠረግ፣ መውጫው ላይ የተጠራቀመ ቅጠል ይነሳ፣ የተሰነጠቀ ጉብታ ወዲያው ይጠቅጠቅ። ሁለተኛው ፍተሻ በግንቦት መጨረሻ፣ ከክረምቱ ዝናብ በፊት ነው። በሁለቱም ፍተሻ ደጋግሞ የሞላ መቀልበሻ ካለ ጥፋቱ የመጥረጉ አይደለም፤ ከላዩ ያለው ርቀት በዝቷል፣ በኅዳር መሃሉ ላይ አንድ ይጨመርለት።